ክዳኑ የተሰፋው አፎት

ዕድሜዬን የጨረስኩት የሽጉጥ ቤት ስሠራ ነው፤ ሽጉጥ ግን አንድ ቀን እንኳን ተኩሼ አላውቅም። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ባለቤቴ አስካለ ደግሞ "እሱ እኮ ዝንብ ሲያባርርም ይቅርታ ይጠይቃል" እያለች ታግዛቸዋለች። እውነቷን ነው። እኔ የማውቀው ቆዳ ብቻ ነው። ለፖሊሶች ቀበቶ፣ የፊሽካ ማንጠልጠያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሽጉጥ አፎት ስሰፋ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከሕንጻው ሥር አንዲት ጠረጴዛ ዘርግቼ የቦርሳ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ቀበቶ እበሳለሁ። ጡረታው ለአስቤዛ፣ ጠረጴዛው ለጨዋታ ነው። ወጣቶቹ "ኦሪጅናል ሌዘር ነው ጋሼ" እያሉ የሚያመጡልኝ ቦርሳ ገና በጣቴ ስነካው ይላላጣል። "በጣም ኦሪጅናል ነው፤ ኦሪጅናል ላስቲክ" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ሲበላሽ ደግሞ መልሰው ወደ እኔው ያመጡታል።

ስለ ሥራ ዘመኔ እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ የመጣች እንግዳ ናት። ሰዓዳ የምትባል ጎልማሳ ሴት በፌስታል የጠቀለለችውን ነገር ታቅፋ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ዓይኗ እዚህም እዚያም ይላል።

"ጋሽ ታምሩ እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። ምን ተበላሸብሽ?"

"የተበላሸ እንኳን የለም።" ፌስታሉን ፈራ ተባ እያለች ከፈተችው። "ይሄ የአባቴ ነው። አባቴ ጡረተኛ ፖሊስ ነው። ቤት ስናስተካክል ቁም ሣጥኑ ሥር አገኘሁት። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የድሮ ዕቃ የሚያውቅ ሰው አለ ሲሉኝ ላሳየው ይዤው ሄድኩ። የሕንጻው በር ላይ ፈታሿ መሣሪያዋን ስታስጠጋው ጮኸ።"

"ጮኸ?"

"ጮኸ እንጂ! 'ውስጡ ምንድን ነው?' አለችኝ። ልክፈተው ብል አይከፈትም። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ደግነቱ የጥበቃዎቹ አለቃ የድሮ ፖሊስ ነበሩ። ገልበጥ አድርገው አዩትና 'ይሄን የሚያውቀው ጋሽ ታምሩ ነው' ብለው ወደ እርስዎ ላኩኝ። ወንድሜ ወይ በቢላ እንቅደደው ወይ ወንዝ ውስጥ እንጣለው ይላል። ያልተመዘገበ መሣሪያ ቤታችሁ ተገኘ ብንባልስ?"

"አባትሽ ምን አሉ?"

"አባዬማ 'የነበረበት መልሺው' ብሎ ዝም።"

አፎቱን ተቀበልኳት። ቆዳው ከዘመን ብዛት ጠቁሯል፤ ጠርዙ ግን አልተላጠም። ክዳኑ ላይ የነሐስ ቁልፍ ተመቶበታል። ሲያዩት እንደማንኛውም አፎት ጫን ብለው የሚከፍቱት ይመስላል። ነገር ግን ቁልፉ ለዓይን ብቻ ነው፤ ክዳኑ ዙሪያውን ከሆዱ ጋር ተሰፍቷል። ሽጉጥ የማይወጣበት፣ የማይገባበትም የሽጉጥ ቤት ነው። መነጽሬን አደረግኩና ቀበቶ የሚያልፍበትን ማንጠልጠያ ገለጥ አድርጌ ሥሩን አየሁ። ቀጥ ቀጥ ብለው ከተደረደሩት ስፌቶች መሃል አንዲቷ ጋደም ብላለች። የድሮ ጓደኛ ድንገት ከኋላ ስሜን የጠራኝ ያህል ደስ አለኝ።

"ልጄ፣ አትፍሪ። ሽጉጥ የለበትም። ኖሮበትም አያውቅም።"

"እንዴት ያውቃሉ?"

"የሰፋሁት እኔ ነኛ!"

እፎይ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጭራሽ ተለዋወጠ። ደንበኛ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ዘጭ አለች። "ኖሮበት አያውቅም?" አለችኝ። "ታዲያ አጎቴ..."

ታሪኩን የነገረችኝ ያኔ ነው። አባቷ ሃምሳ አለቃ ከድር ገርጂ አካባቢ ይሠሩ ነበር። የእናቷ ወንድም ሙዘይን ደግሞ እዚያው ገርጂ ሱቅ ነበራቸው። ሁለቱ አማች ብቻ አልነበሩም፤ ልጅ ሆነው ከስልጤ አብረው የመጡ፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋፍፈው ያደሩ ጓደኛሞች ናቸው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዘራፊዎች ሱቁ ውስጥ ገቡ። ከድር ጩኸት ሰምተው ሮጠው ደረሱ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ባለው አፎት ክዳን ላይ አደረጉና "ንቅንቅ ያለውን አቃጥለዋለሁ!" ብለው ቆሙ። ዘራፊዎቹ ደንግጠው ሸሹ። አንደኛው ግን ከመሸሹ በፊት በያዘው ብረት የሙዘይንን ጉልበት መታው። ሙዘይን ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ ሄደው አያውቁም። ሰፈሩ ሁሉ ያየው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ፖሊሱ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ ደርቆ ሲቀር። ሙዘይን አልጋ ላይ ሆነው "ለምን አልመዘዝክም?" ብለው ጠየቋቸው። ከድር አቀርቅረው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙዘይን ከከድር ቤት እህል ቀምሰው አያውቁም። የገዛ እህታቸው፣ የሰዓዳ እናት፣ ስትሞት እንኳን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አልቅሰው፣ ውኃ ሳይቀምሱ ሄዱ።

"ትምህርት ቤት 'የፈሪው ልጅ' ሲሉኝ ነው ያደግኩት" አለች ሰዓዳ። "እኔም ፈርቶ ነው ብዬ ነበር የማምነው። አባቴን ነው እኮ የምልዎት።"

ያኔ ነው አፌ ምን እንዳመለጠው የገባኝ። ያንን አፎት የሰፋን ሰዎች ላንናገር ቃል ገብተን ነበር። የያዙትም እንደዚሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ስፌት ክፍላችን ልመልሳችሁ።

ገና ጢም ሳላበቅል ነበር የገባሁት። ስፌት ክፍሉ በከተማው ምሥራቅ ዳር ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ዛሬ በቦታው ፎቅ ቆሞበታል። ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ላቀው የሚባሉ ቀጭን፣ ነገር የማይበዛባቸው ሰው ናቸው። ቆዳ ሲመርጡ በዓይናቸው አያምኑም። ጆሯቸው ሥር አስጠግተው ያጥፉትና ያዳምጡታል። ደህና ቆዳ ሲታጠፍ ዝም ይላል፤ ያልበሰለው ኩርሽም ይላል። ወስፌያቸውን ደግሞ ከመብሳታቸው በፊት ፀጉራቸው ውስጥ ፈተግ ያደርጉታል፤ የራስ ቅባት ወስፌን ያሾልከዋል። ኋላ ራሳቸው ሲመለጥ የእኔን አናት ጠርተው "ታምሩ፣ ወዲህ በል" ይሉ ጀመር። ጎንበስ እላለሁ፣ ወስፌውን ፈተግ ፈተግ አድርገው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ እንደ ማዕረግ ነበር የምቆጥረው። አሁንም ሳስበው ማዕረግ ነው።

አፎት የሚሰፋው በደረቅ ቆዳ አይደለም። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ የሽጉጥ ቅርጽ ባለው እንጨት ላይ ይወጠራል፣ ከዚያ በለሰለሰ አጥንት ይታሻል፤ የቃታው ቦታ፣ የአፈሙዙ ቦታ አንድ በአንድ እስኪወጣ። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ያስቸኮሉት ቆዳ ይሰነጠቃል። ክሩ ሰም ጠጥቶ፣ ሁለት መርፌ ከሁለት ወገን እየተላለፈ ይሰፋል። ጋሽ ላቀው የመጨረሻዋን ቋጠሮ ሁለቱ ቆዳዎች መሃል ይቀብሯታል። "ቋጠሮ የታየበት ስፌት ልብሱን ገልቦ እንደሚሄድ ሰው ነው" ይሉ ነበር። አለቆች መጡ ሄዱ። አንደኛው ኮሎኔል ቀበቶ ሲረከብ ጥርሱን የሚያይበት ካልሆነ አይቀበልም። ጋሽ ላቀው ለእሱ ብቻ የሚያብረቀርቅ አንድ ቀበቶ ከላይ ያደርጉና የቀረውን እንደ ደንቡ ይሠሩ ነበር።

ታዲያ አንድ ወቅት የሽጉጥ እጥረት ሆነ። ወጣ ወጣ ባለ ቦታ የሚቆሙ ፖሊሶችን ባዶ ወገባቸውን መላክ ግድ ሆነ። አለቃችን ጋሽ ላቀውን ጠርቶ ሽጉጥ ያለበት የሚመስል የተዘጋ አፎት እንዲሠሩ አዘዛቸው። ጋሽ ላቀው ተቆጡ። "ውሸት ስፋ ነው የምትለኝ?" አሉት። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ "ላቀው፣ ባዶ ወገብ ያየ ሌባ ይደፍራቸዋል። እነዚህ ልጆች እናት አላቸው" አላቸው። ጋሽ ላቀው ብዙ ካሰቡ በኋላ ተቀበሉ። እኛንም ሰብስበው አስማሉን። አንዱ ባዶ መሆኑ ከታወቀ ሌባው ሁሉንም ይሞክራል፤ ስለዚህ ለሚስትም፣ ለነፍስ አባትም የማይነገር ነገር ሆነ።

የመጀመሪያው ሥራችን ጉድ አደረገን። የሽጉጡን ቅርጽ የቀረጽነው ከባሕር ዛፍ ነበር፤ ያውም በደንብ ካልደረቀ። ክረምቱ ገባ። እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ አበጠ፣ አንድ ወጣት ፖሊስ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰልፍ ሲያስይዝ የአፎቱ ስፌት ተተርትሮ ነጭ እንጨት ብቅ አለ። ልጆች "እንጨት ታጣቂ!" እያሉ ተከተሉት። ወጣቱ እያለቀሰ ስፌት ክፍላችን ድረስ መጥቶ አፎቱን ጋሽ ላቀው እግር ሥር ወረወረው። ጋሽ ላቀው አንስተው አቧራውን አራገፉለት። ምሳቸውን አልበሉም። የወጣውን ሁሉ አስመልሰው በገዛ እጃቸው ተረተሩት።

ከዚያ ሥራው ከሥሩ ተጀመረ። እንጨቱ የከረመ ወይራ ሆነ። ሰም ውስጥ ቀቀሉት፣ በስስ የፍየል ቆዳ ጠቀለሉት። ይህም አልበቃቸውም፤ በር ላይ ቆመው የታጠቁ ፖሊሶች አካሄድ ያዩ ጀመር። "እየው" አሉኝ፣ "እውነተኛ ሽጉጥ ቀበቶውን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የእኛ ቀላል ስለሆነ ሲሮጡ ይዘላል። ሌባ ደግሞ ይህን ያያል።" ስለዚህ ወይራው ሆድ ውስጥ ቁራጭ ብረት ከተቱ። የቦሌዋ ፈታሽ መሣሪያ የጮኸው በዚያ ብረት ነው። ዕቃ ቤት ከደህናው እንዳይቀላቀል ደግሞ ከማንጠልጠያው ሥር አንዲት ጋደም ያለች ስፌት እናስቀር ነበር፤ እሷን የምናውቅ እኛ ብቻ ነን። አፎቶቹ በምንም መዝገብ ላይ አልነበሩም። ሽጉጥ ሲገኝ የተመለሰው ተመለሰ፣ ያልተመለሰውን ማንም አልጠየቀም። ኋላ የናይለኑ አፎት መጣ፣ ቆዳ ቀረ፣ ጋሽ ላቀውም አረፉ። እኔ ጫማ እየጠገንኩ ጡረታዬ ደረሰ።

ለሰዓዳ በማግስቱ ስልክ ደውዬ "አባትሽን ሳላይ አንድ ቃል አልጨምርም" አልኳት። እሑድ ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየማቸው ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ከድር በረንዳ ላይ ተቀምጠው የአውሮፕላን ማረፊያውን ወገን ያያሉ። ሸምግለዋል፤ ጀርባቸው ግን አሁንም የሰልፍ ጀርባ ነው። ሰዓዳ እኔ ዘንድ ትታው የሄደችውን አፎት ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው።

"ሃምሳ አለቃ፣ ይሄን የሰፋሁት እኔ ነኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ምኑን?" አሉ።

"የወይራውን።"

ልጃቸውን ሻይ እንድታመጣ ወደ ውስጥ ላኳትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቃል አለብን እኮ" አሉኝ። "አለብን" ነው ያሉት። ጋሽ ላቀው ከሞቱ በኋላ ያንን ቃል የምጠብቅ እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር።

"ከማን ነው የምንጠብቀው?" አልኳቸው። "ስፌት ክፍሉ የለም። አፎቱ የለም። ያኔ አብረዎት የቆሙትም ወይ ጡረታ ናቸው ወይ አፈር።"

"ያኔ ብናገር ጓደኞቼን አስበላለሁ። ኋላ ብናገር ደግሞ ሰበብ ነው የሚመስለው። ቅደደው ትለኝ ይሆናል። ብቀደውስ? 'ራሱ እንጨት ከቶበት ነው' ይላል ሙዘይን። ነጋዴ ነው፤ ያላገላበጠውን አይገዛም።"

"ለእኔ ይተዉት" አልኩ። "ያልተከፈተ መሆኑን ማሳየት የእኔ ሥራ ነው። አጎትየው ይጠሩ።"

ብዙ አንገራገሩ። መጨረሻ ላይ አውሮፕላን አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቁና "ሰዓዳ፣ ደውዪለት" አሉ።

ሙዘይን የመጡት እህታቸው ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ምርኩዛቸው ደረጃው ላይ ቀድሟቸው ተሰማ። "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ገቡ፣ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ኮታቸውን አላወለቁም። ሰዓዳ ውኃ አቀረበችላቸው። "ጠጥቼ ነው የመጣሁት" አሉ።

"አጎቴ፣ እኚህ ሰው አንድ ነገር ሊያሳዩህ ነው።"

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋሁ። አፎቱን መጀመሪያ ለሙዘይን ሰጠኋቸው። "አባቴ፣ ስፌቱን በጣትዎ ይዳስሱት። የተቆረጠ፣ የተቀጠለ ክር ያገኛሉ?"

እንደ ጋቢ ጥለት ጠርዙን ዙሪያውን ዳሰሱት። "የለም" አሉ።

"አንዴ የተፈታ ቆዳ መልሰው ሲሰፉት ወስፌው የድሮውን ቀዳዳ ይስታል፤ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይሆናል። አለ?"

መነጽራቸውን አውጥተው አዩ። "የለም። አሁን ምን ልትለኝ ነው?"

መፍታት ጀመርኩ። ከጋሽ ላቀው የተማርኩትን ቋጠሮ ከተቀበረበት ማውጣት ቀላል አልነበረም፤ ሳልደብቅ ልናገር፣ ሳገኘው እንባዬ መጣ። ክሩ ሲላቀቅ የአሮጌ ሰም ሽታ ወጣ። ክዳኑን ገለጥኩት። ከስፌቱ ሥር ያለው ቆዳ ብርሃን ስላላየ ፈዛዛ ነው፤ ልክ የሰፋን ዕለት የነበረውን መልክ ይዟል። ሙዘይን አንገታቸውን አስግገው ያንን መልክና የላዩን ጥቁረት ሲያስተያዩ አየኋቸው። ከዚያ ጥቅሉን ሳብኩ፣ የፍየል ቆዳውን ፈታሁ፣ ጥቁሩን ወይራ ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩ። በአንድ ጎኑ የብረቱ ጫፍ ይታያል።

"ለሃምሳ አለቃ የተሰጣቸው ይሄ ነው" አልኩ። "ያኔ ሽጉጥ አልነበረም። እንዳይናገሩም አስምለዋቸዋል።"

ሙዘይን እንጨቱን አነሱት። በመዳፋቸው መዘኑት፣ ገለባበጡት፣ አንዴ ወደ ከድር፣ አንዴ ወደ እንጨቱ አዩ። ከድር ግን አቀርቅረው የገዛ እጃቸውን ነው የሚያዩት።

"ከድር" አሉ።

"አቤት።"

"ይሄን ይዘህ ነው እነዚያ ፊት የቆምከው?"

"ሌላ ምን ነበረኝ? ብቀርባቸው ይነቁብኛል። ብሸሽ ይገድሉሃል። እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ ከመቆም በቀር..." ወደ ምርኩዙ አዩ። "ጉልበትህን ግን አላዳንኩልህም።"

"ጉልበቴን ተወው!" ሙዘይን ጮኹ። "አንተ እብድ! በዚህ በማገዶ? ቢነቁብህስ? እህቴን ባል አልባ ልታስቀራት ነበር እኮ!" ይቆጣሉ፣ እንባቸው ደግሞ ይወርዳል፣ መሃል ላይ ሳቅ ያመልጣቸዋል። "እኔ እኮ... ሽጉጥ እያለህ የጨከንክብኝ መስሎኝ... ወላሂ፣ ፈሪውስ እኔ ነኝ። ደግሜ ልጠይቅህ እንኳን ፈራሁ።"

ሰዓዳ በረንዳው በር ላይ ቆማ ነበር። መጥታ የአባቷን ትከሻ ከኋላ አቀፈችው፣ ፊቷን ኮሌታቸው ውስጥ ቀበረች። "አባዬ" ብቻ ነው የምትለው። እኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ፤ እዚህ ቤት ሥራዬ አልቋል።

"መልሼ ልስፋው ሃምሳ አለቃ? በዚያው ቀዳዳ፣ ምንም ሳይታወቅ እመልሰዋለሁ።"

ከድር ክፍቱን አፎት አዩት። "ተወው ልጄ" አሉኝ። "ክፍቱን ይሁን።"

ለመሄድ ብድግ ስል ሙዘይን በምርኩዛቸው መንገዱን ዘጉብኝ። "የት ነው?" አሉኝ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀሉና ወደ ጓዳ አቅጣጫ ተጣሩ፤ "ሰዓዳ! በዚህ ቤት ምሳ አይበላም እንዴ?"

ሰዓዳ ማስታጠቢያውን ይዛ እየሮጠች መጣች። ከድር ከእጇ ተቀበሏትና ጎንበስ ብለው ውኃውን ራሳቸው ማፍሰስ ጀመሩ። ሙዘይን እንጨቱን ጭናቸው ላይ አኖሩና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።